«የቼክ ቃላት» ወይስ «የቼክኛ ቃላት»?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የቋንቋ መምህር ነኝ። ከእንግሊዝኛ በተረጎምሁት አጭር ምንባብ ውስጥ ሮቦት፣ ዶላርና ፒስቶል «የቼክ ቃላት» እንደሆኑ ጽፌ ነበር። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «የባንክ ቼክ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ክፍሉ በሣቅ ሞላ። እንዴት ብጽፈው ይሻል ነበር? ቃላቱስ በእርግጥ ከዚያ አገር የወጡ ናቸው?

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ አልተሳሳተም። አማርኛ የባንኩን ወረቀትና የሕዝቡን ስም በአንድ ዓይነት ፊደል ስለሚጽፍ፣ «ቼክ» ብቻውን ሲቆም አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው ዘወትር የሚሰማውን፣ ማለትም የሚፈረምበትንና በቂ ስንቅ ከሌለው የሚመለሰውን ቼክ ነው። መፍትሔው ግን በእጃችን አለ። «የእንግሊዝ ቃል» ሳይሆን «የእንግሊዝኛ ቃል» እንደምንል ሁሉ፣ ቋንቋውን «ቼክኛ»፣ ሕዝቡን «ቼካውያን»፣ አገሩን «ቼክ ሪፐብሊክ» ብንል ግራ መጋባቱ ይቀራል። ይህች «ኛ» የምትጠቅመው የባንኩን ወረቀት ለማራቅ ብቻ አይደለም፤ ከአገሩ የወጣውን ቃል ከቋንቋው ከወጣው ቃል ትለይልናለች፤ የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስም የሚገኘው በዚሁ ልዩነት ውስጥ ነው።

ሮቦት ያለ ጥርጥር የቼክኛ ነው። ደራሲው ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ለንባብ ባበቃው ተውኔት ውስጥ በፋብሪካ የሚመረቱ ሰው መሰል ሠራተኞችን ፈጠረና ስም ቸገረው። ከላቲን የተወሰደ አንድ ስም አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የመጽሐፍ ቃል ሆነበት። ቻፔክ ራሱ እንደተረከው፣ ሠዓሊ ወንድሙ ዮሴፍ ሥዕል እየሠራ፣ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ፣ «እንግዲያው ሮቦት በላቸው» አለው። የቃሉ ሥር «ሮቦታ» ሲሆን፣ ጭሰኛው በጌታው መሬት ላይ ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ማለት ነው፤ ይህ ግዴታ የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ምዕራባዊ ክፍል በሆነችው በቦሄሚያ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው። ብዙ ጊዜ «ሮቦታ ማለት ሥራ ማለት ነው» ተብሎ ሲተረጎም አያለሁ፤ ይህ ግን የቃሉን ምሬት ያስቀረዋል። አማርኛ ለዚህ «የሁዳድ ሥራ» የሚል የታወቀ አነጋገር አለው፤ ገባር በሹሙ እርሻ ላይ ይሠራው የነበረውን ሥራ ለሚያስታውስ አንባቢ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሲበዛም «ሮቦቶች» ይበሉ እንጂ የእንግሊዝኛውን «ስ» አያስከትሉ።

ፒስቶል በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ «ፒሽታላ» ከሚለው የቼክኛ ቃል እንደመጣ ይታመናል፤ ትርጉሙ ፉጨት የሚነፋበት ቱቦ፣ በእኛ አነጋገር ዋሽንት የሚመስል ነገር ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የቦሄሚያው የሃይማኖት ተሐድሶ ሰባኪ የያን ሁስ ተከታዮች ባካሄዱት ጦርነት ለአንድ ዓይነት አነስተኛ ጠመንጃ የተሰጠው ይህ ስም፣ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። ቼካውያን የመሣሪያውን ቅርጽ አይተው ስም ሲያወጡ፣ አማርኛ ግን የሚያዝበትን ሁኔታ አይቶ፣ የሚሸጎጥ በመሆኑ፣ «ሽጉጥ» አለው።

ዶላር ግን ከሁለቱ ይለያል፤ አገሩ ቼክ እንጂ ቃሉ ቼክኛ አይደለም። በቦሄሚያ ተራሮች መካከል፣ ዛሬ ያኺሞቭ በሚባለው ከተማ፣ ከ1520 ገደማ ጀምሮ ከዚያው ከሚወጣው ብር ትልልቅ ሳንቲሞች ይመቱ ነበር። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ቦታውን «የዮአኪም ሸለቆ» ይሉት ስለነበር፣ ሳንቲሙም በዚያው ተጠራ፤ ስሙ ሲያጥር «ታለር»፣ ማለትም «የሸለቆው» የሚለው ብቻ ቀረ፤ ይኸው በኔዘርላንድ ሰዎች አፍ ተለውጦ እንግሊዝኛ ሲደርስ ዶላር ሆነ። ዮአኪም የተባለው ደግሞ ሌላ ሳይሆን፣ እኛ ከሐና ጋር አጣምረን የምንጠራው የእመቤታችን አባት ቅዱስ ኢያቄም ነው፤ ምስሉም በሳንቲሙ ላይ ተቀርጾ ነበር።

ነገሩ ወደ እኛም ገበያ ደርሷል። አያቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚሉት ገንዘብ ያው ታለር ነው፤ በላዩ የምትታየው ማሪያ ቴሬዛም የቦሄሚያ ንግሥት ጭምር ነበረች። የዶላር ወንድም ስሙን ሳይዝ ገባ፤ አማርኛ የሸለቆውን ስም ትቶ በማዕድኑ ብር ብሎ ጠራው። እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በታተመው የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ ላይ ደግሞ በአማርኛው «ብር»፣ በእንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ዶላር» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ብር» የሚለውን ስም የያዘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ስለዚህም አንድ ወረቀት ለብዙ ዓመታት የማዕድኑንና የሸለቆውን ስም አብሮ ተሸክሞ ኖሯል።

ዐረፍተ ነገርዎን እንዲህ ቢያስተካክሉት ይበቃል፦ «ሮቦትና ፒስቶል ከቼክኛ የወጡ ቃላት ሲሆኑ፣ ዶላር ግን በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ከሚገኝ የቦታ ስም የተገኘ የጀርመንኛ ቃል ነው።» በዚህ ቦታ ፒስቶልን ወደ ሽጉጥ አይለውጡት፤ የሚነገረው ስለ መሣሪያው ሳይሆን ስለ ቃሉ ነውና።