ኒኬሉን አትተዪው፣ ጥያቄውን ግን አጥብቢው

«አዳማ ላይ የኬሚካል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ሜቴን የሚቀይረውን የኒኬል ካታሊስት (ሪአክሽኑን የሚያፋጥነውን ነገር) ማሻሻል የሚል ርዕስ ይዣለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹እዚህ አገር በዚህ ማን ይቀጥርሻል?› እያሉ አስፈሩኝ። ልቀይረው?»

እህቴ፣ አትቀይሪው። የጓደኞችሽ ጥያቄ ግን ተገቢ ነውና ከእሱ ልጀምር።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሜቴን አድርጎ የሚሸጥ ፋብሪካ ነገ ከነገ ወዲያ ይከፈትልሻል ብዬ አልዋሽሽም። ለአንድ ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አራት ሞለኪውል ሃይድሮጅን ያስፈልጋል። ከከተማችሁ ወጣ ሲባል የሚታዩት የ51 እና የ153 ሜጋዋት የንፋስ ማመንጫዎች የሚሰጡት መብራት ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ሊያወጣ ይችላል። ግን በዚህ መንገድ የሚገኝ ሃይድሮጅን ዛሬም ውድ ነው።

ሆኖም ኒኬል የብዙ ፋብሪካ እንጀራ ነው። አሞኒያ ፋብሪካ የተፈጥሮ ጋዝን ከእንፋሎት ጋር አገናኝቶ ሃይድሮጅን የሚያወጣው በኒኬል ነው። ቀጥሎ የተረፈውን ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድና ዳይኦክሳይድ ወደ ሜቴን ይቀይረዋል፤ አለዚያ የአሞኒያው ካታሊስት ይመረዛል። ይህም የሚሠራው በኒኬል ነው። ያንቺው ሪአክሽን ማለት እኮ ነው! ጎዴ ላይ ከአሞኒያ የሚሠራውን የዩሪያ ማዳበሪያ የሚያመርት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት የተፈረመው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ካታሊስት ለምን እንደሚደክም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ርዕስሽ። «ማሻሻል» ስትዪ ምኑን? ኒኬል ሜቴን እንደሚሠራ እነ ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ሳባቲዬ በ1902 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የሚያስቸግረው ዕድሜው ነው። ሪአክሽኑ በሞል 165 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ስለሚለቅ አንዳንዱ ቦታ ከልክ በላይ ይግላል። ወጥ ላይ የተንሳፈፈ ቅቤ አይተሻል አይደል? ትንንሾቹ ጠብታዎች እየተሳሳቡ አንድ ትልቅ ጠብታ ይሆናሉ። ደቃቅ የኒኬል ቅንጣቶችም ሲግሉ እንዲያ ይዋሃዳሉ። ጋዙ የሚነካው ገጽ ያንሳል፣ ካታሊስቱም ይደክማል።

ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ላይ ባለው ኒኬል ጥቂት ላንታነም የተባለ ብረት ብጨምርበት፣ በ350 ዲግሪ 50 ሰዓት ሠርቶ አቅሙ ምን ያህል ይተርፋል?» ይሄ የሚለካ ነገር ነው። ከከብት እበት የሚወጣ ባዮጋዝ መጠቀም ካማረሽ ደግሞ ሰልፈሩን አስቀድመሽ አጥሪ፤ ኒኬል ሰልፈር አይችልም።

ፕሮፖዛሉን ከማስገባትሽ በፊት ላብራቶሪ ገብተሽ በዓይንሽ እዪ። የሃይድሮጅን ሲሊንደር አለ? የተቀላቀሉ ጋዞችን ለይቶ የሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይሠራል ወይስ ተሸፍኖ ተቀምጧል? አንድ የማውቀው ልጅ ካታሊስቱን በ2 ወር ሠርቶ፣ የሚለካበት መሣሪያ ፍለጋ ዓመት ፈጅቶበታል። ያን ልጅ ሳስታውስ አሁንም ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር አደራ። ኒኬልና ካርቦን ሞኖክሳይድ በዝቅተኛ ሙቀት ሲገናኙ ኒኬል ካርቦኒል የሚባል ገዳይ ጋዝ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ሪአክተሩን ከማቀዝቀዝሽ በፊት ገና ትኩስ እያለ በናይትሮጅን አጽጂው። ብቻሽንም አትሥሪ።

ሲቪሽ ላይ ደግሞ የጥናቱን ርዕስ ብቻ ጽፈሽ አትለፊ። «ካታሊስት አዘጋጅቻለሁ፣ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ካሊብሬት አድርጌያለሁ፣ ሪአክተር 50 ሰዓት ሳላቋርጥ አሠርቻለሁ» በዪ። ቀጣሪው ቃለ መጠይቅ ላይ የሚይዝሽ እዚያ ላይ ነው፤ የላብራቶሪ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ።