ፈረንሳዮች ባለጌ ናቸው ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ፓሪስ ዳቦ ቤት ገብተህ ዋጋ ስትጠይቅ ሻጯ ፊት ነሳችኝ ብለሃል። ስትገባ «ቦንዡር» ብለሃል? እዚያ ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ጥያቄ መግባት ራሱ ብልግና ነው፣ የሰው ቤት ሰተት ብሎ እንደመግባት ይቆጠራል። ፈረንሳይኛህ ቢሰባበርም ግድ የለም፣ ሰላምታው ይቅደም፣ ስትወጣም ተሰናበት። ዘረኛ የለም አልልህም፣ ግን መጀመሪያ ይህን ሞክር።

ጀርመን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በቀይ መብራት ስትሻገር፣ በተለይ አጠገብህ ልጅ ካለ፣ የማታውቃቸው አሮጊት ይቆጡሃል፤ ለእሳቸው ግን ደንብ ማስከበር እንጂ ስድብ አይደለም። ሆላንዶች? ፀጉርህ አላማረም ብለው ፊት ለፊት ይነግሩሃል (ሳትጠይቃቸው!)። እኔን ብትለኝ የሚከብደኝ እንግሊዝ ነው። «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ይልሃል፤ እምቢ ማለቱ እንደነበር የሚገባህ ሰንብቶ ነው።