የኦይስተር ሴል ከናይትሮጅን ወጥቶ በነጋታው ለምን ይሞታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ያለሁት ኖርዌይ በርገን ነው፣ በባህር ባዮሎጂ ማስተርሴን እየሰራሁ ነው። የኦይስተር (ባለዛጎል የባህር እንስሳ) ልብና ደም ሴል አውጥቼ ጨው በተጨመረበት ኤል-15 በሚባል ሚዲየም፣ ማለትም የሴል ምግብ ፈሳሽ፣ አሳድጋለሁ፣ እሱ ደህና ነው። ችግሩ ማቀዝቀዙ ላይ ነው፣ የማቀዝቀዣውንና የማጠቢያውን ሚዲየም የሰው ሴል ከሚሰሩት ልጆች ወስጄ ሴልን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከለውን ዲኤምኤስኦ 10 ፐርሰንት ጨምሬ ሊኩዊድ ናይትሮጅን ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሳቀልጠው የሞተ ሴል ብቻ በሚያስገባው ሰማያዊ ቀለም ስቆጥር ከግማሽ በላይ በህይወት አለ፣ በነጋታው ግን ሁሉም ተንሳፎ ነው የማገኘው። 3 ወር ሙሉ እንዲህ ነው፣ የት ጋ ነው የማጠፋው? (ሀ.)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፣ "የሰው ሴል ከሚሰሩት ልጆች" ያልሽው ጋ ነው ያለው። የፈሳሽ ጨዋማነት በሚሊኦስሞል ሲለካ የሰው ሴል የሚመቸው 300 አካባቢ ነው፣ የባህር ውሃ ግን ወደ 1000 ይጠጋል፣ ኦይስተር ደግሞ እንደኛ የሰውነቱን ጨው የሚያስተካክል እንስሳ አይደለም፣ ባህሩ ሲጨምር ይጨምራል ባህሩ ሲቀንስ ይቀንሳል። እና ያንን ሴል አቅልጠሽ በሰው ማጠቢያ ስታጥቢው ውሃው ተንደርድሮ ይገባበታል፣ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይላላል። የሚፈነዳው ወዲያው ይፈነዳል፣ የቀረው ግን ቆስሎም ቢሆን ለጥቂት ሰዓት ቀለሙን አያስገባም፣ አንቺም በህይወት አለ ብለሽ ትቆጥሪዋለሽ። ሰማያዊው ቀለም የሚነግርሽ ሽፋኑ መቀደዱን ብቻ ነው፣ ሴሉ ነገ ይኑር አይኑር አይነግርሽም። ስለዚህ ከቀለጠ በኋላ አንዴ ቁጠሪ፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ድገሚ፣ ሪፖርትሽ ላይ የምትጽፊው ሁለተኛውን ይሁን።

አሁን ማቀዝቀዙን እንየው። በረዶ መጀመሪያ የሚሰራው ከሴሉ ውጪ ነው፣ ውሃው በረዶ ሲሆን ጨው በቀረው ፈሳሽ ውስጥ እየተከማቸ ሴሉን ውሃ ያስተፋዋል። በጣም በዝግታ ካቀዘቀዝሽው ይደርቅና ጨው ይጎዳዋል፣ ከፈጠንሽ ደግሞ ውሃው ሳይወጣ ውስጡ በረዶ ሆኖ ይቀደዳል። ዲኤምኤስኦ ይሄን ጉዳት ይቀንሳል ግን ራሱም መርዝ ነው፣ በተለይ ሙቀት ላይ፣ ስለዚህ ቱቦዎቹን በረዶ ላይ አድርገሽ በቀዝቃዛው ቀላቅይ፣ ሚዲየሙም የባህር ጨው ያለበት ያው ኤል-15 ይሁን። ከዛ ሚስተር ፍሮስቲ የሚባለው ቅዝቃዜውን የሚያዘገይ ዕቃ ውስጥ ከተሽ -80 ፍሪዘር አስገቢ፣ በደቂቃ ወደ 1 ዲግሪ ይወርድልሻል፣ በነጋታው ወደ ሊኩዊድ ናይትሮጅን አዛውሪው፣ እዛ -196 ነው፣ -80 ላይ ወራት አታስቀምጪ። ስታቀልጪ ፈጠን በይ፣ የበረዶ ፍንጣሪ ሲቀረው አውጪና ያንኑ ጨዋማ ሚዲየም በጠብታ በጠብታ እያወዛወዝሽ ጨምሪበት፣ እዚች ጋ የተቻኮለ ሰው የደከመበትን ሁሉ ያጣል። ኢንኩቤተሩን ደግሞ 37 ላይ እንዳታደርጊው፣ 18 ዲግሪ ይበቃዋል።

እኔ መጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ የልብ ሴሎቹን ያየሁ ቀን ትዝ ይለኛል፣ ዲሹ ስር የተጣበቀች ትንሽ ጉብታ ብቻዋን ትክ ትክ ትላለች፣ እንስሳው የለም፣ ዛጎሉ የለም፣ እሷ ግን ትመታለች። ያንን ካየሁ በኋላ ስራውን መተው አልቻልኩም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ማንም ሳይነግርሽ ልታልፊው ስለምትችይ። በሁለተኛው ሳምንት ሴሎችሽ በድንገት በጣም ከተባዙልሽ ከመደሰትሽ በፊት ጠርጥሪ። ኦይስተር ባህር ሲያጣራ የሚውል እንስሳ ነው፣ ባህሩ ውስጥ ያለው ሁሉ እሱ ውስጥ አለ፣ ትራውስቶኪትሪድ የሚባሉ ክብ ክብ ጥቃቅን ፍጥረቶች ደግሞ ለሴል ያዘጋጀሽውን ሚዲየም በጣም ይወዱታል። ከባህር እንስሳ ሴል ላይን (ፍላስክ ውስጥ ሳይቋረጥ የሚባዛ ሴል) አገኘን ከተባለው አንዳንዱ ሲጣራ እነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ እንስሳውን ከማረድሽ በፊት ጥቂት ቀን በተጣራ የባህር ውሃ አቆዪው፣ ዛጎሉን በ70 ፐርሰንት አልኮል ጥረጊው።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ጫጩት ኦይስተሮችን የጨረሰው ሄርፐስ ቫይረስ በላብራቶሪ የሚያድግበት ሴል ላይን አጥቷል፣ ስለዚህ ቫይረሱን ለማጥናት ህይወት ያለውን እንስሳ መበከል ነው ያለው አማራጭ። የሚገርመው ባህሩ ውስጥ የማይሞት የባለዛጎል እንስሳ ሴል አለ፣ ክላም የሚባሉት የሰሜን አሜሪካ ባለዛጎሎች ካንሰር ሴል በውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ እንደሚኖር እ.ኤ.አ. በ2015 ተረጋግጧል፣ በፍላስክ ግን እንዲህ ዝም ብሎ አይባዛልንም። ሴል ላይን እስኪገኝ ደህና የቀዘቀዘ ሴል ያላት ላብራቶሪ የአንዱን እንስሳ ሴል ክረምትም በጋም እያወጣች ትሰራለች፣ ያንቺ ቱቦዎች ጥቅማቸው እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ባህርዳር ነኝ፣ ለኛ ሀገር ቢልሃርዚያ የዚህ አይነት ስራ ይጠቅማል? (ተማሪ)

መልስ፦ አዎ፣ እንደውም ከሞለስክ (ኦይስተርም ቀንድ አውጣም ያሉበት) ወገን በደንብ የተሳካው ሴል ላይን ከዚሁ በሽታ ጋር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከቢዮምፋላሪያ ግላብራታ ቀንድ አውጣ ሽል የተገኘ ነው፣ ቢጂኢ ይባላል፣ አቀዝቅዞ ማስቀመጥም ይቻላል። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ቀንድ አውጣው ውስጥ የሚያልፈውን እድገት ከነዚህ ሴሎች ጋር አብሮ ፍላስክ ውስጥ ማየት ተችሏል። ግን ጉድለቱንም እወቅ፣ ቀንድ አውጣው 36 ክሮሞዞም ነው ያለው፣ ሴሎቹ ዛሬ ከ60 በላይ ይዘው ነው የሚገኙት፣ ስለዚህ ሴሉን ቀንድ አውጣው ነው ብለህ አትደምድም።

ግላብራታ ደግሞ የአሜሪካ ምድር ዝርያ ነው፣ የኛ ዋናው ቢዮምፋላሪያ ፓይፈሪ የሚባለው ነው። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ የታጠበበት ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው ስራውን የጀመረው፣ አንተም ከወንዝህ ጀምር። ቅጠል ስር የተጣበቀውን ዝልግልግ እንቁላል ሰብስብ፣ ከአዋቂው ይልቅ ሽሉ ንጹህ ነው። ሚዲየምህን ከባህሩ በተቃራኒ አቅጥነው፣ ይሄ ጨው የሌለው ውሃ እንስሳ ነው። ውሃው ውስጥ ግን በባዶ እግር አትግባ፣ ረጅም ቦት ጫማና ጓንት አድርግ።