«ያው የተለመደውን ጻፍልኝ»

ልጆች፣ ሰሞኑን አንድ የሠፈራችን ወጣት «ጋሼ፣ እነዚህ ባለሥልጣናት ንግግራቸውን ራሳቸው ናቸው የሚጽፉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳቄ መጣ። በሕዝብ ግንኙነት ሥራ 26 ዓመት ቆይቻለሁ። የስንቱን የመክፈቻ ንግግር እንደጻፍኩ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። «አይጽፉም» ብዬ መገላገል እችል ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። አንድ ኃላፊ ነበሩኝ። ንግግር ሲፈልጉ «ያው የተለመደውን ጻፍልኝ» ይሉኛል፤ ያውም በዋዜማው። እኔም ለመድኩት። አንድ ጊዜ የዓምናውን አወጣሁና ቀኑንና ቁጥሩን ብቻ ቀያየርኩ። ሰውየው ደብረ ብርሃን መድረክ ላይ ቆመው «እንግዳ ተቀባዩ የደሴ ሕዝብ!» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ሳቅ ተነሣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ፦ ወረቀቱን ከመድረኩ በፊት አንዴ እንኳ አይተውት ቢሆንስ ኖሮ?

ማስጻፍ በራሱ ነውር አይደለም። የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ኬኔዲን እንውሰድ። ንግግር ጸሐፊያቸው ቴድ ሶረንሰን አብሯቸው መሥራት ሲጀምር ገና 24 ዓመቱ ነበር። ለዓመታት አብሯቸው ሲዞርና ሲሰማቸው ኖሮ፣ የአንዱ ቃል የት አብቅቶ የሌላው የት እንደሚጀምር መለየት ከባድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የተናገሯትን «አገሬ ምን ታደርግልኛለች ብላችሁ አትጠይቁ» የምትለዋን ማን ጻፋት ሲሉት፣ የሶረንሰን መልስ አጭር ነበር፦ «አትጠይቁ»።

እኔ የምወደው ግን የበርሊኑን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን እዚያ ሊናገሩ ነው። ጸሐፊያቸው ፒተር ሮቢንሰን የ30 ዓመት ወጣት ነው። ቢሮው ቁጭ ብሎ አልጻፈም፤ ቀድሞ ምዕራብ በርሊን ሄደ። እራት ላይ ከተማዋን ለሁለት ስለከፈለው ግንብ ሲጠይቅ የጋበዘችው ሴት ተናደደች። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ጎርባቾቭ የሚያወራው የምሩን ከሆነ ይህን ግንብ ያንሣልን አለች። ልጁ ማስታወሻው ላይ ያዛት። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱና የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤቱ ሰዎች «ይህቺ ትውጣ» እያሉ ረቂቁን ደጋግመው መለሱት። ሬገን ወደዷት፤ ትቆይ አሉ። ከዚያም ብራንደንቡርግ በር ፊት ቆመው «ሚስተር ጎርባቾቭ፣ ይህን ግንብ ያፍርሱት!» አሉ። እንግዲህ ቃሏ የማን ናት? የሴትዮዋ? የልጁ? እኔ የሬገን ናት ባይ ነኝ። ያን ሁሉ «ይቅርብዎ» ባይ አልፈው ያስቀሯት እሳቸው ናቸው። ነገር ቢበላሽም የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

የኛንም ላንሣ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ላደረጉት ንግግር የእነ ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታእዛዝ እጅ እንዳለበት ይነገራል። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሲረብሹ ግን መድረኩ ላይ የቆሙት፣ በአማርኛ ያሰሙት ራሳቸው ናቸው።

ንግግር ጸሐፊ መሆን የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ ሰውየውን ምሳ ላይ ስሙት። ሲናደድ ምን ይላል? የትኛውን ተረት ይደጋግማል? «ከመቼውም ጊዜ በላይ በተጠናከረ መልኩ» የምትለዋን ደግሞ እርሷት፤ እኔ ስንት ወረቀት ፈጅቼባታለሁ። ነገ ኃላፊ የምትሆኑትም ረቂቁን ማታውኑ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የሚደናቀፍበት ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ የናንተ ያልሆነው ነው።

ከዚያ ጉድ በኋላ እኚያ ኃላፊ ረቂቁን ከሦስት ቀን በፊት ይጠይቁኝ ጀመር። በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙና «ይሄን እኔ አልልም» ይሉኛል። በዓመቱ ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ፣ ሁለት ሌሊት የለፋሁበትን መግቢያ ሙሉውን ሰርዘው በራሳቸው እጅ አንድ መስመር ጻፉበት፦ «ዓምና ስማችሁን ተሳስቼ ነበር፤ ይቅርታ፣ ዘንድሮ አጥንቼ መጥቻለሁ።» አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላቸው። እኔ ለመግቢያዬ አዝኜ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።