«ፎቁ ይከብድሃል» ላሉህ ሰዎች በጽሑፍ መልስላቸው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ደሴ ውስጥ አንድ የግል ድርጅት ለሒሳብ ሠራተኛነት አወዳድሮህ በፈተና አንደኛ ወጥተሃል፤ በልጅነትህ ልምሻ የጎዳውን እግርህን ካዩ በኋላ ግን «ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ይከብድሃል» ብለው ተጠባባቂ አድርገውሃል። መከራከር እችላለሁ ወይ ነው ጥያቄህ። አዎን፣ ትችላለህ። እኔም በሁለት ክራንች የምሄድ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ድርጅት በዚሁ በፎቅ ሰበብ ተገፍቼ፣ ዛሬ በዚያው ድርጅት እየሠራሁ ስለምገኝ የመጣሁበትን መንገድ ልንገርህ።

አንደኛ፣ በቃል የተነገረህን ብቻ ይዘህ የትም አትሂድ። የውጤት ዝርዝሩ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሳይነሳ በስልክህ ፎቶ አንሳው፤ ከዚያም ማመልከቻ ጻፍ። በማመልከቻው ውስጥ ውጤትህን፣ የነገሩህን ምክንያት እና እንዲደረግልህ የምትፈልገውን ነገር አስፍር። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው በዚህ በመጨረሻው ነው። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ ማንንም ምንም አያስገድድም። «የሥራ ጠረጴዛዬ ግራውንድ ላይ ባለው ክፍል እንዲሆንልኝ» ብለህ ክፍሉን ለይተህ ጻፍ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚለው በሥራ መሣሪያ፣ በሥራው መስፈርት፣ በሥራ ሰዓት፣ በድርጅቱ አወቃቀርና በሥራ አካባቢ ላይ የሚደረግን ማስተካከያ ነው፤ ይህን አለማድረግም ራሱን የቻለ አድልዎ እንደሆነ ይደነግጋል። አሠሪው ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆነው ማመቻቸቱ ከአቅም በላይ ጫና የሚያስከትልበት ሲሆን ነው፤ ጫናውም የሚለካው በማስተካከያው ዓይነትና ወጪ፣ በድርጅቱ ስፋት እና በሠራተኞቹ ብዛት ነው። እንግዲህ አንተ ክፍሉን ለይተህ ከጠየቅህ፣ ጠረጴዛ ከፎቅ ወደ ግራውንድ ማውረድ ድርጅቱን ስንት እንደሚያስወጣው አስልተው የሚመልሱት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፤ በቀሪው ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ማኅተምም ይረፍበት። ነገሩ ሲባል ቀላል ይመስላል። እኔ ስሄድ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቴን አገላብጣ አይታ ማኅተሙን ካነሳች በኋላ አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ መልሳ አስቀመጠችውና ወደ ላይ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እንዳትቀበዪ ተብያለሁ» አለችኝ። የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው ራሱ ወርዶ መጣና ተገልጋይ በተሰለፈበት ኮሪደር ላይ «ይሄ የእርዳታ ድርጅት መሰለህ? ገና ሳትቀጠር ወረቀት ይዘህ ከመጣህ ከተቀጠርክ በኋላማ ፍርድ ቤት ልታመላልሰን ነው» አለኝ። ያን ቀን የተናገረውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ ስለ እግሬ የተናገረው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ምንም ሳልመልስ በቀጥታ ወደ ፖስታ ቤት ሄጄ ማመልከቻውን በአደራ ደብዳቤ ላክሁት። የአደራ ደብዳቤ ደረሰኝ ስላለው ማንም «አልደረሰኝም» ሊልህ አይችልም። መዝገብ ቤቱ ከመለሰህ አትከራከር፤ አንተም እንደዚሁ አድርግ።

መልሱ የደረሰኝ በድርጅቱ አርማ፣ በማኅተምና በዚያው ኃላፊ ፊርማ ነው። ቢሮው ፎቅ ላይ በመሆኑ ለአካል ጉዳተኛ ስለማይመች ጥያቄዬን እንዳልተቀበሉት ይገልጻል። ያን ዕለት ደብዳቤውን ይዤ አልቅሻለሁ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡት ጠበቃ ግን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን ራሳቸው ጽፈው ነው የሰጡህ?» ብለው ሳቁ። በአዋጁ መሠረት በቅጥር ወይም በዕድገት በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ክስ ሲያቀርብ፣ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በአሠሪው ላይ ነው። የእኔ አሠሪ ደግሞ ምክንያቱ አካል ጉዳቴ መሆኑን ገና ሳይከሰስ በማኅተም አረጋግጦልኛል።

ሦስተኛ ብዬ ስለ ክስ አቀራረብ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ነገሩ እስከዚያ አልደረሰም። ጠበቃው ለድርጅቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ግራውንድ ላይ ከገንዘብ ያዡ ክፍል ፊት ለፊት ያለው ክፍል በአሮጌ ቫውቸሮች፣ በተበላሸ ፕሪንተርና በተሰበሩ ወንበሮች ተሞልቶ የተዘጋ መሆኑን ጠቀሱ። እኔ ለፈተና በሄድሁበት ቀን በሩ ገርበብ ብሎ አይቼው ነበር፤ አንተም ሕንፃውን ደህና አድርገህ ተመልከት። የድርጅቱ የሕግ ባለሙያ ደብዳቤውን ሲያይ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋገረና ክፍሉ ተጠርጎ ተሰጠኝ። እንግዲህ «ከአቅም በላይ» የተባለው ወጪ የሁለት የቀን ሠራተኞች ደመወዝ ነበር። ዛሬ የድርጅቱን ዓመታዊ ሒሳብ የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ኦዲተሮቹም ማስረጃ ሲፈልጉ ፎቅ መውጣት ትተው ወደ እኔ ይመጣሉ። ኃላፊው አሁንም ሰላም የሚለኝ ጥርሱን ነክሶ ነው፤ ይበለው።

ከጥያቄህ ሥር አንድ ሰው «እወጣዋለሁ፣ ችግር የለም በላቸው» ብሎ መክሮሃል። በቅንነት እንደሆነ ባውቅም ምክሩን አትቀበል። አንድ ጊዜ «እወጣዋለሁ» ካልህ በኋላ ማመቻቸት ብትጠይቅ የምትሰማው «ራስህ እችላለሁ ብለህ ነበር» የሚል መልስ ነው። ደግሞም የደሴን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ጠዋት ደረጃው በኦሞ ታጥቦ ሳይደርቅ፣ ጭቃ የያዘና ጫፉ ያለቀ የክራንች ላስቲክ ሴራሚክ ላይ አይቆምም። ላስቲኩን በየጊዜው ቀይረው፤ ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ስለ ክራንችህም ሆነ ስለ ድጋፍ ብረትህ ይረዳሃል።

ከዘላፊው ኃላፊ ይልቅ የሚያስቸግርህ የሚያዝንልህ ሰው ነው። ወሎ ውስጥ ክፉ መልስ ብዙ ጊዜ በለስላሳ ቃል ተጠቅልሎ ይመጣል፤ «ለአንተው አስበን ነው፣ አንጀታችን አልችል ብሎ ነው፣ አብሽር ሌላ ይገኛል» ይሉሃል፤ አንተም ይሉኝታ ይዞህ አመስግነህ ትወጣለህ። ቦታውን ግን በማዘን ከለከሉህም በመሳደብ ያው መከልከል ነው። አመስግናቸውና ያሉህን በጽሑፍ እንዲሰጡህ ጠይቅ።

አዋጁ መብቱን የሚሰጥህ «የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ካልሆነ በስተቀር» ብሎ ነውና እነርሱም ይህንኑ ሐረግ መያዛቸው አይቀርም። ስለዚህ የሥራ መደቡን ዝርዝር ተግባራት ከወዲሁ ጠይቀህ ከማመልከቻህ ጋር አያይዝ። የሒሳብ ሠራተኛ ሰነድ ይመረምራል፣ ይመዘግባል፣ ሒሳብ ያስታርቃል፤ ደረጃ መውጣት ከተግባራቱ መካከል የለም። የጤና ምርመራ ማስረጃ ካስፈለገህም ሐኪሙ «ጉዳት አለበት» ብሎ ብቻ እንዳይሸኝህ ዝርዝር ተግባራቱን አሳየውና የትኛውን መሥራት እንደምትችል ይጻፍልህ። ሕንፃውን በተመለከተ፣ የሕንፃ ሕጉ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰህ እለፍ፤ የማመልከቻህ ዋና ጉዳይ ጠረጴዛህ ይሁን።

ከሥር የጻፈችውን እህትም ልመልስላት። ወንድሟ እጁን ማሽን ከጎዳው በኋላ በቅርቡ ከሥራ ተሰናብቷል። የእርሱ ጉዳይ ከአንተ ይለያል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ እርሱ ደብዳቤ መጻጻፉን ትቶ በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይሂድ።

አንተ ግን ሰኞ ጠዋት ማመልከቻውን አስገባ። ካስገባህ በኋላ ቁጥሩንና ቀኑን እዚሁ ጻፍልኝ፤ ዝም ካሉህ ቀጥሎ የምትልከውን የማስታወሻ ደብዳቤ እኔ ራሴ አረቅልሃለሁ።