ጥያቄና መልስ፦ ተርሚናሉ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው መልእክት

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። ሶፍትዌር ተጭኖ ሲያልቅ ፓኬጅ ማኔጀሩ (ሶፍትዌሮችን፣ ማለትም ፓኬጆችን፣ የሚጭነውና የሚያድሰው ፕሮግራም) ተርሚናሉ ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ «አሁን ይህን አድርግ» ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ ግን በሌላ ጽሑፍ ይዋጥና ማንም አያየውም።

ጥያቄ፦ ዳታቤዝ ስጭን ሌሎች ብዙ ፓኬጆች አብረው ገቡ። መሃል ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አየሁ፤ ሳላነበው አለፈኝ። ተርሚናሉንም ዘግቼዋለሁ። ከየት ላምጣው?

መልስ፦ አይጨነቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ይገኛል። ሲስተምዎ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ሊነክስ ከሆነ፣ የሥራ መዝገቦች በሚቀመጡበት የሎግ ፎልደር ውስጥ አፕት (በፓኬጅ ማኔጀሩ ስም) የሚል ፎልደር አለ፤ እዚያ «ተርም ሎግ» የሚባለውን ፋይል ይክፈቱ። አርች ሊነክስ ላይ «ፓክማን ሎግ»ን ይመልከቱ። ማክ ላይ ሆምብሪው በተባለው ፓኬጅ ማኔጀር ከጫኑት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። «ብሪው ኢንፎ» ብለው የፓኬጁን ስም ሲጨምሩ፣ «ካቪያትስ» (ማሳሰቢያዎች) በሚለው ርዕስ ስር ያው ምክር እንደገና ይወጣል። እኔ ይህኛውን መንገድ እወደዋለሁ። ሰው መልእክቱን አጥብቆ የሚፈልገው በጫነበት ደቂቃ ሳይሆን፣ ፕሮግራሙ አልነሳም ሲለው ነውና።

ጥያቄ፦ የማዘጋጀውን ፓኬጅ አፕግሬድ የሚያደርጉ ሰዎች ኮንፊገሬሽናቸውን (የፕሮግራሙን ቅንብር) መቀየር አለባቸው። መልእክት አስገብቻለሁ። የሚደርሰኝ ግን «ተበላሸ» የሚል ቅሬታ ብቻ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ መልእክትዎን ቁጭ ብለው ያንብቡት። «ስለመረጡን እናመሰግናለን» ብሎ ጀምሮ፣ የድረ ገጽና የስፖንሰር አድራሻ ደርድሮ፣ ዋናው ነገር ከታች ከሆነ፣ ሰዎቹ ጥፋት የለባቸውም። ይልቅ እንዲህ ይጻፉት፦ «ፖርት የሚለው ቅንብር ስሙ ሊሰን ሆኗል። ካልቀየሩት ሰርቪሱ አይነሳም። የሚስተካከለው በዚህ ፋይል ውስጥ ነው።» ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አይጨምሩ።

ከዚያ ለሚመለከተው ሰው ብቻ ያሳዩት። ዛሬ የጫነ ሰው የድሮ ኮንፊገሬሽን የለውም፤ ታዲያ ምን ያደርግለታል? አርች ላይ የአፕግሬድ ስክሪፕቱ አዲሱም የድሮውም ቨርዥን ቁጥር ስለሚሰጠው፣ አወዳድሮ ዝም ማለት ይችላል። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም መልእክቱ ከየትኛው ቨርዥን ለሚመጣ ሰው እንደሚታይ መወሰን ይፈቅዳል። ዴቢያን ለዚሁ የተለየ የኒውስ ፋይል አለው፤ አፕት ሊስትቼንጅስ የተባለውን መሣሪያ የጫነ ሰው አፕግሬዱ ከመቀጠሉ በፊት ሊያነበው ይችላል። በየአፕዴቱ የሚደጋገም ማስጠንቀቂያ ግን ሰውን ባላየ ማለፍ ያስለምደዋል። በዚያ ልማድ የሌሎች አዘጋጆች መልእክትም አብሮ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ፓኬጅ ማኔጀር እየሠራን ነው። ተጠቃሚው መልእክቱን አንብቦ ኤንተር እስኪጫን ጭነቱን ብናስቆመውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ሌሊት በስክሪፕት አፕዴት የሚደረግ ሰርቨር ላይ ማን ነው ኤንተር የሚጫነው? ፓኬጅ ሲጫን ተጠቃሚውን የሚጠይቀው የዴቢያኑ ዴብኮንፍ ጥያቄዎቹን በአራት የአስፈላጊነት ደረጃ ይከፍላል፤ ምንም ሳይጠይቅ የሚያልፍበት ሞድም ያለው ለዚህ ነው። የሚሻለው መልእክቶቹን ሰብስቦ መጨረሻ ላይ ማውጣት ነው። ሆምብሪው ብዙ ፓኬጅ ሲጫን እንዲህ ያደርጋል። የጄንቱ ሊነክስ ፓኬጅ ማኔጀር የሆነው ፖርቴጅም የየፓኬጁን ማስጠንቀቂያ ፋይል ላይ ያስቀምጣል፣ ከተፈለገ በኢሜይል ይልካል። አደራ፣ ከስብስቡ በኋላ «የድሮ ፋይሎችን እያጸዳሁ ነው» ዓይነት መስመር አይከተል። ቀይ ቀለም ላይ ብቻም አይመኩ። ሎግ ፋይል ውስጥ ቀለም የለም።

ጥያቄ፦ ለኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማኔጀር) ያዘጋጀሁት ፓኬጅ ተጭኖ ሲያልቅ የሚሠራው ፖስትኢንስቶል ስክሪፕት የሚጽፈው ነገር አይታይም። ለምን?

መልስ፦ ከኤንፒኤም ቨርዥን 7 ጀምሮ፣ ስክሪፕቱ ካልከሸፈ በቀር፣ የጥገኛ ፓኬጆች (ሌላ ፕሮጀክት ስለሚፈልጋቸው የሚጫኑት) ስክሪፕት የሚጽፈው ይደበቃል። «ፎርግራውንድ ስክሪፕትስ» የሚለው አማራጭ ያሳየዋል፤ ግን ተጠቃሚው ራሱ ማብራት አለበት። ስለዚህ ማሳሰቢያውን ወደ ፕሮግራሙ ያዛውሩት። ሲነሳ ይፈትሽ፣ የጎደለ ካለ ያኔ ይናገር።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ሰርቨሬ ሪስታርት እንደሚፈልግ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ራን በሚለው ፎልደር ውስጥ «ሪቡት ሪኳየርድ» የሚባል ፋይል ካለ ይፈልጋል። አጠገቡ ያለው፣ በፒኬጂኤስ የሚያልቀው ፋይል ደግሞ የትኞቹ ፓኬጆች እንደጠየቁ ይዘረዝራል።