ሎክ ከመጨመርዎ በፊት ጉድለቱን ያስረዱ

ውድ ጠያቂ፣

የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንዎን፣ በሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሥራ መሰማራት እንደሚፈልጉ፣ ለልምምድ የጻፉት ድራይቨርም (ከርነሉ አንድን መሣሪያ የሚያዝበት ፕሮግራም) አልፎ አልፎ እየተበላሸ ቢያስቸግርዎ መልእክት የሚያትም አንድ መስመር ሲጨምሩበት ብልሽቱ እንደጠፋ ገልጸው፣ ይህን ልምድ ለቀጣሪ ማሳየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ነገር ግን ብልሽቱ ከዓይን ጠፋ እንጂ አልተፈታም። የጨመሩት መስመር አንድን ዳታ ከሚጋሩ ሁለት ሲፒዩዎች የአንዱን ሥራ በጥቂቱ ስላዘገየው ሁለቱ ሳይጋጩ ተላለፉ ማለት ነው።

ሁለት ሲፒዩዎች አንድን ቆጣሪ እኩል አንብበው 5 ቢያገኙ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጨምረው 6 ይጽፋሉ፤ 7 መሆን የነበረበት ቁጥር 6 ሆኖ ይቀራል። ቆጣሪው የአንድን ሚሞሪ ተጠቃሚዎች የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ከርነሉ ገና በአገልግሎት ላይ ያለውን ሚሞሪ ይለቅቀዋል፤ ብልሽቱም ከመነሻው ርቆ፣ ምንም ጥፋት በሌለበት ኮድ ውስጥ ብቅ ይላል።

ስለዚህ የተጋራው ዳታ የትኛው እንደሆነ፣ የትኞቹ ፈንክሽኖች እንደሚነኩት፣ እያንዳንዳቸውም በዚያ ሰዓት የትኛውን ሎክ (ዳታውን በአንድ ጊዜ አንድ ሲፒዩ ብቻ እንዲነካ የሚያደርግ ቁልፍ) እንደያዙ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ። የኢንተራፕት ኮዱን (መሣሪያው ሲጠራ ሌላውን ሥራ አቋርጦ የሚሠራውን) አይርሱ፤ ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጉት እሱን ነው። ከዚያ በኋላ በ2020 ከሊኑክስ 5.8 ጋር የገባውን ኬሲሳን (KCSAN) የተባለ የስሕተት መፈለጊያ ያብሩ፤ ይህ መሣሪያ ተመርጦ የተያዘን የሚሞሪ ንባብ ወይም ጽሕፈት ለአፍታ አዘግይቶ፣ ሌላ ሲፒዩ በመሀል ያንኑ ቦታ ነክቶ እንደሆነ ይመለከታል። ከ2006 ጀምሮ ያለው ሎክዴፕ የተባለው የከርነሉ መፈተሻ ግን በዋናነት የሎኮችን አያያዝ ቅደም ተከተል የሚከታተል በመሆኑ፣ የተረሳ ሎክን እንዲያሳይዎ ከፈለጉ «እዚህ ቦታ ይህ ሎክ መያዝ አለበት» የሚለውን ማረጋገጫ ራስዎ በኮዱ ውስጥ ማስገባት ይኖርብዎታል። ኬሲሳን ያመለከተውን ሁሉ ደግሞ በሎክ ለመሸፈን አይቸኩሉ፤ በከርነል ውስጥ ሆን ተብለው ያለ ሎክ የተተዉ ንባቦችም አሉ።

በእኔ እምነት ቀጣሪ የሚፈልገው ይህን የመለየት ችሎታ ነው። ለዓመታት በከርነሉ ውስጥ የቆየው ደርቲ ካው የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ በ2016 ሲደፈን፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ይህንኑ ችግር ከ11 ዓመት በፊት ለማስተካከል ሞክሮ በደንብ እንዳልተሳካለት ከፓቹ (ከኮድ ማስተካከያው) ጋር ባያያዘው ማብራሪያ ላይ ጽፏል። እንዲህ ያለው ማብራሪያ ለማንም ክፍት ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ ቦታ የላኩት ፓች ተቀባይነት ካገኘ በስምዎ የሚነበብ የሥራ ማስረጃ ይሆንልዎታል።

እንግዲህ ወደ ድራይቨርዎ ይመለሱ፤ የጨመሩትን መስመር ያውጡና በላፕቶፕዎ ላይ በኪው ኢሙ (ኮምፒውተርን አስመስሎ በሚያሠራው ፕሮግራም) 4 ሲፒዩ ሰጥተው፣ ኬሲሳን በበራበት ከርነል ብልሽቱ እስኪደገም ያስኬዱት። ያገኙትንም በአንድ ገጽ ጽፈው ከሥራ ማመልከቻዎ ጋር ያያይዙት።